አይቼ ዝም ያልኩበት እሁድ

አባቴ ቤዝቦል ስዳኝ ሊያዩ የመጡት አንድ እሁድ ነው። ዌምብሊ ካለው አፓርታማችን ብዙ በማይርቅ መናፈሻ፣ ከሥራ መልስ ለደስታ ያህል የሚጫወቱ ሰዎች ግጥሚያ ነበር። ጉልበቴ እስኪያስቸግረኝ እኔም አብሬያቸው እጫወት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዳኛቸው ሆኛለሁ። ሯጩ ቤዝ የሚባሉትን አራት ምልክቶች በተራ እየረገጠ ከዞረ ነጥብ እንደሚያገኝ ጠዋት ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ከረቫታቸውን አስረው አጥሩ ሥር ተቀመጡ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል አንዱ ኳሱን አርቆ መታው። ሁለተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ጓደኛው ሮጠ፤ ሦስተኛውን ሳይረግጥ በጎኑ አልፎ አራተኛው ላይ ገባ። ጓደኞቹ ዘለው አቀፉት።

አይቻለሁ። ግን ሕጉ እንዲህ ሲሆን ዳኛ ያየውን በሆዱ ይያዝ ይላል። የሚፈርደው ተከላካዮቹ ኳሱን ይዘው «አልረገጠም» ብለው አቤት ሲሉ ብቻ ነው፤ ሜዳውን ለቀው ከወጡ አበቃ። ፊቴን ሳልለውጥ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ነጥቡን አጸደቅኩ።

አባቴ ተነሥተው ወደ ተሸናፊዎቹ አምበል ሄዱ። እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም። ሦስተኛውን ቤዝ እየጠቆሙ እግራቸውን አነሡና ከጎን ሣሩ ላይ አሳረፉት። አምበሏም በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሽማግሌው የሚሉት እውነት ነው? አልረገጠውም?»

«አልረገጠውም።»

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ካልጠየቃችሁኝ መናገር አልችልም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ልክ ነሽ። ያልጠየቅነው እኛ ነን» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጓደኞቿ ጓንታቸውን ቦርሳ ውስጥ እየከተቱ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

ከአባቴ ጋር በአውቶብስ ወደ ቤት ተመለስን።

«ቢጠይቁሽ ትነግሪያቸው ነበር?» አሉኝ።

«ወዲያው ነዋ፣ አባዬ። ሳይጠይቁኝ ብናገር ግን ለአንዱ ወገን አደላሁ ማለት ነው። እርስዎም ዳኛ ቢሆኑ እንደዚያ አያደርጉም ነበር።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ያቺ «ምንም» ከሁሉ በላይ አሳፈረችኝ። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔን ግን ለማንም ደፍሬ ልናገር አልቻልኩም።

በሚቀጥለው እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱን አምበሎች ጠራኋቸው። «ቤዝ ሳይረግጥ ያለፈ ሯጭ ካያችሁ ጠይቁኝ። ካልጠየቃችሁኝ ዝም እላለሁ» አልኳቸው። አባቴ ብርድ ነው ብለው ቀርተዋል። ያን ቀን ሁለቱም ቡድኖች በየሩጫው አቤት ሲሉ ዋሉ፤ ሯጮቹ ግን ሁሉም ረግጠው ነበር። ቤት ገብቼ ስነግራቸው አባቴ ከልባቸው ሳቁ። እኔ አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ።