በብጫው መካከል ነጭ የቀረችው ሳጥን

እንጀራዬ ንድፍ መሥራት ነው። ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ የውኃ መስመርና የቦይ ንድፍ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የአጎቴ ልጅ ለአንድ የዘጌ ሰው ስትታጭ ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጠሩ፤ ሰባት ቤት ይሞላል፣ አይሞላም በሚል ግን ሳይስማሙ ቀሩ። አጎቴ «ሁሉንም በወረቀት ሣልልንና እንይበት» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ፤ ያጠፋኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳጥን ሠራሁ፤ ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱትንም ሁሉ በአንድ ቡድን አሰርኋቸው። ለቡድን የተሰጠ የጀርባ ቀለም በውስጡ ላሉት ሁሉ ይደርሳል። አስቀድሞ ለብቻው ቀለም የተሰጠው ሳጥን ግን የራሱን ይዞ ይቀራል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ አልገባችሁም ብዬም ተቆጥቻለሁ።

የዘመዶቹን ስም ልጽፍ አጎቴ ቤት የሄድሁ ዕለት የአጎቴ ሚስት በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጅቱን እኔም አጎትህም አልወለድናትም» አለችኝ። «እናቷ ጎረቤቴ ነበረች። እናቷ ስትሞትብኝ ሕፃኗን በወሯ ወስደን አሳደግናት። ልጅቱ ይህን አታውቅም። ቆጠራው ሰባት ከሞላ አፌን አልከፍትም። ካልሞላ ግን ትዳሯ እንዳይቀርባት እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ባንተ ይቅር።»

ቃል ገባሁላት። እንዳልረሳው ግን የልጅቱን ሳጥን ነጭ አደረግሁት። በመጨረሻ ለቡድኑ ብጫ ስሰጥ አብሮ ይሸፈናል ብዬ ነበር። ለሌላው የማስተምረውን ለራሴ ረሳሁት። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደርሼ፣ አሳትሜ፣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ገልጬ እንኳ አላየሁትም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አጎቴ ቤት ተሰብስበው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከዘጌ የመጡት አዛውንት በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ።

«ስድስት ቤት ላይ ይገናኛሉ፤ ጋብቻው አይሆንም» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን አቆሙ። «ይቺ ሙሽሪት አይደለችም? ዘመዶቿ ሁሉ ብጫ ሆነው እሷ ብቻ ስለ ምን ነጭ ሆነች?»

ልጅቱ ለእንግዶቹ ውኃ ይዛ ገብታ ነበር። ጆጉን አስቀምጣ መጣችና ወረቀቱን አየች፤ ከዚያም እኔን።

«ተሳስተህ ነው?» አለችኝ።

አዎ ብላት እጮኛዋን ታጣለች። አይደለም ብላት ደግሞ አባትና እናቷን። የአጎቴን ሚስት አየኋት፤ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። አጎቴ አቀርቅሯል። መናገር የእነሱ ነበር፣ የኔ አልነበረም።

«አይደለም» አልኋት።

አዛውንቱ ነገሩን ከአጎቴ ሚስት አጣሩና ዘር አያገናኛቸውም፣ ይጋቡ አሉ። በዚያ ቤት እልል ያለ ሰው አልነበረም።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ልጅቱ አሁንም እሑድ እሑድ አጎቴ ቤት ትመጣለች፤ ስኳርና ቡና ይዛ፣ እንደ እንግዳ በር አንኳኩታ። ወረቀቱ እስከተዘረጋበት ቀን ድረስ አጎቴን «አባዬ»፣ «አንተ» ነበር የምትለው። አሁን ጉልበቱን ስማ «እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» ትለዋለች። አጎቴ አይቆጣም። ብቻ ተነሥቶ ወንበር ይስብላታል።