ጋሼ ዳኛቸው እናታቸውን አላባረሩም

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዳኛቸው ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ከቤታችን እንዳሉ አርፈዋል። ሕመማቸው ረጅም ነበር። የምታውቋቸው ሁሉ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ በተለይ ቀብራቸው ላይ የቆማችሁ።

ተዋናይ ነበሩ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በአንድ ፊልም ነው፤ መሬት ለመሸጥ ሲል እናቱን ከቤት የሚያባርር ልጅ ሆነው በሠሩበት። ያንን ሰው የተለማመዱት ከእናታችን ጋር ነው። እማ ማንበብ አትችልም፤ ጋሼ እየነገሯት የእናትየዋን ቃል ትመልሳለች። «ከቤቴ ውጪ» ሲሏት ሳቋ ያመልጣታል። እሳቸው ግን አይስቁም። «እማ፣ አትሳቂ፤ ከሳቅሽ ሰውየው ጥሎኝ ይሄዳል» ይሏታል። ልምምዱ ሲያልቅ ተነሥተው የሚያማትን እግሯን ያጥቡላታል። ይህን ለሌላ ሰው ትተው አያውቁም።

ሰውየውን ከየት እንዳመጡት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ከእድራችን» አሉኝ። እናቱን ሲያናግር ፊቷን የማያይ ሰው እዚያ ሞልቷል አሉ።

ፊልሙ ከተማችን ከታየ በኋላ የባጃጅ ሾፌሮች አንጭንዎትም አሏቸው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ገበያ ላይ ድንች ሻጯ ፊቷን አዞረችባቸው። ቀጥሎ የእድሩ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው፣ ልጅሽ ይመታሽ እንደሆነ ንገሪን ብለው እማን ጠየቋት።

«ምን ይመታኛል፤ ክፋቱን ያለማመድሁት እኔው ነኝ» አለቻቸው።

ፈርታ ነው ተባብለው ሄዱ።

ጋሼ አልተቆጡም። «ሰውየውን አምነውታል፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ነው ያሉኝ። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። በቀብራቸው ቀን የእድሩ ዳኛ ተነሥተው «እናቱን ስለ በደለ ፈጣሪ ይቅር ይበለው» አሉ። እማ እዚያው ተቀምጣለች። እናንተም አሜን አላችሁ። ጋሼ አልጋ ላይ በነበሩባቸው ወራት ሁሉ ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ እማን እንዴት ነሽ ብሎ ደጃችንን አልረገጠም። አዛኝ የሆናችሁት መቃብር አፋፍ ላይ ነው።

በአርባቸው እማ ራሷ ተነሥታ ትናገራለች። ያላመናት ከድንኳናችን ይውጣ፤ እህላችንንም አይቅመስ።

ጋሼ፣ ቢሰሙኝ ተዋቸው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልችልም። እርስዎ ደግ ሆነው ሳለ ክፉ ሰው መሆን ችለውበታል። እኔ ግን ተቆጥቼ ሳለ ይቅር ያለ ሰው መምሰል አልችልበትም። በደህና ይሂዱ።