ውኃ መካከል የተቀመጠው እንግዳ

ቁጫጭ በጣት ሲደፈጠጥ የሚተወው ሽታ አለ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ። ዛሬ ጠዋት ወረታ በተከራየሁት ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ያ ሽታ መጣብኝ። ቁጫጮቹ ከመስኮቱ ሥር ተነስተው፣ ግድግዳው ላይ ተሰልፈው፣ ወደ ማሩ ጠርሙስ ይጓዙ ነበር። ጠርሙሱ ግን የቆመው ውኃ የያዘ ሳህን መካከል ነው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርሰው፣ ግራ ተጋብተው ይመለሳሉ። ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል፤ ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ቆሜ ቁጫጭ አያለሁ። ሥራ ፈት ናት አትበለኝ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው።

ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ነበር። እናቴ ማር የምታስቀምጠው በማሰሮ ነው፤ አፉን በጨርቅ ታስርና በእበት ትመርገዋለች። ከዚያ ገበቴ ውኃ ሞልታ፣ መካከሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጋ፣ ማሰሮውን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለች። በገበቴው ዙሪያ አመድ ትነሰንሳለች። ይኼም አይበቃትም። ከጣራው የሚወርደው ጥላሸት ውኃው ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ ቁጫጭ ደግሞ ቀላል ነውና በዚያ ላይ ተራምዶ ይሻገራል። ስለዚህ በየማለዳው ጎንበስ ብላ፣ በበሩ የሚገባው ብርሃን ውኃው ላይ ሲያርፍ ታየዋለች። «ውኃው አርጅቷል» ትልና ደፍታ አዲስ ትሞላበታለች። ውኃ ያረጃል ሲል ከእሷ ሌላ የሰማሁት ሰው የለም።

ስሙን መጥራትማ ጭራሽ ክልክል ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ «ማር» ያለ ሰው ወዮለት።

«ዝም በይ! ስሙን እየጠራሽ ታመጭብኛለሽ። እንግዳው በይ።»

ቁጫጭ ይሰማል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ካንች ይሻላል» አለችኝ። እንዲህ ሆኖ በቤታችን ማር «እንግዳው» ሆነ። እንግዳው ደኅና አደረ? እንግዳው ተጎበኘ? ጎረቤት ሲሰማን ቤታችን ውስጥ የማይታይ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው።

ያን ዓመት ይፋግ የተዳረችው ታላቅ እህቴ አረገዘች። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናቴ ይህን ነገር ከወግ በላይ አድርጋ ነበር የያዘችው። እሷ እህቴን ስትወልድ እናቷ በሕይወት አልነበረችም፤ በጎረቤት እጅ ነው የታረሰችው። «የኔ ልጅ እንደኔ አትሆንም» ትል ነበር። አባቴ ከቀፎው የቆረጠውን ማር ሁሉ ለአራስ ገንፎ ብላ አስቀመጠችው። እኔ አንዲት ጣት እንኳ አልቀመስኩም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዎቿን ጭና ወደ ይፋግ ገበያ ተነሳች። እናቴ እስከ አጥሩ ተከተለቻት፤ እጇ ላይ ገና አመድ ነበር።

«ለልጄ እንዲህ በይልኝ፤ እንግዳው ውኃ መካከል ተቀምጧል፣ ዙሪያውን አመድ ነው፣ ነይ በያት።»

እህቴ ይህን ብትሰማ ስቃ፣ ነጠላዋን አንስታ በመጣች ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ስትደርስ ግን እህቴ ወንዝ ወርዳ ስለ ነበር አማቷን ብቻ አገኘች። መልእክቱ ደግሞ መንገድ ላይ እንደ ሸክላ ተሰባብሯል። «እንግዳ አለባቸው፤ ውኃ መካከል ናቸው፤ ዙሪያው አመድ ነው» ብላ ነገረቻት። አማቷ ደንግጣ ደረቷን መታች። ቤቱ ውኃ ገብቶበታል፣ የቀረው ተቃጥሏል፣ በዚያ ላይ እንግዳ ሰፍሮባቸዋል ማለት ነው። ለነፍሰ ጡር ክፉ ወሬ አይነገርም ብላ ዋጠችው። ደግ ሴት ነበረች፤ ጉዳዩን ያበላሸው ይኸው ደግነቷ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ የምናውቀው እህቴ አለመምጣቷን ነበር። ሸክላ ሠሪዋ «ለአማቷ ነግሬያታለሁ» ብላ ስለ ነበር፣ እናቴ መንገዱን እያየች «አማቷ ከለከለቻት» ትላለች። እህቴም እዚያ ማዶ «እናቴ ረሳችኝ» እያለች ታለቅስ ነበር አሉ። ዝናቡ ወረደ፤ ጥቁሩ አፈር ጠጥቶ ጠጥቶ እምቢ አለ፤ ርብ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። መሬቱ ሲርስ ቁጫጩ ሁሉ ደረቅ ፍለጋ ወደ ቤት ገባ። እናቴ ገበቴው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከጣራው ጭድ ወድቆ ድልድይ እንዳይሆንላቸው ትጠብቃለች። የዝናቡ ድምፅና ያ ኮምጣጣ ሽታ ነው ከዚያ ክረምት የቀረኝ።

ወንዙ ጎደል ሲል አንድ መንገደኛ ወሬውን አመጣ፤ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። እናቴ ብቻዋን እልል አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ውኃውን ደፋች፣ አዲስ ሞላች።

«ከእንግዲህ ለማን ነው?» አላት አባቴ።

«ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል» አለችው።

መስከረም ላይ ሜዳው ሲጠነክር እህቴ ሕፃኗን አዝላ፣ ከአማቷ ጋር መጣች። እናትና ልጅ ተሳሳሙ፤ መሳሳም ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አማቷ ግን ገና ሳትቀመጥ ግድግዳውን ታይ ጀመር።

«እግዜር ይመስገን ቤቱ ቆሟል። ውኃው እስከ የት ገብቶ ነበር?»

«የምን ውኃ?» አለች እናቴ።

«እሳቱስ እንዴት ሆነ? ያ እንግዳስ ሄደላችሁ?»

«የምን እሳት? እርስዎ ማንን ነው የሚሉ?»

አማቷ የተነገራትን እንዳለ ተናገረች፤ እንግዳው፣ ውኃው፣ አመዱ። እህቴ ቀስ ብላ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ገበቴው ፊት ቆመች። ማሰሮው ድንጋዩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ውኃው የዚያን ዕለት ጠዋት የተቀየረ ነበር። ሳቋ መጀመሪያ ተሰማን፤ ስንገባ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«እምዬ፣ ክረምቱን ሙሉ?» አለቻት።

እናቴ ከመደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈች፣ ነጠላ ጋረደች፣ «ተኝ» አለቻት።

«እምዬ፣ ልጅቱ እኮ መሳቅ ጀምራለች!»

«ለኔ ዛሬ ነው የወለድሽ። ተኝ ብያለሁ።»

እህቴ ተኛች። እናቴ ገንፎ አገነፋች፤ ቅቤውን መካከሉ ላይ አፈሰሰች፤ የማሰሮውን አፍ ስትከፍተው ማሩ ረግቶ ነጭ ሆኖ ነበር። በእጇ አጎረሰቻት። አማቷንም አጎረሰቻት። በመጨረሻ እኔም ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ይህ ጠርሙስ የእናቴ የመጨረሻ ማር ነው። ካረፈች በኋላ ከእህቴ ጋር ተካፈልነው፤ እሷም አልነካችውም፣ እኔም አልነካሁትም። አልፎ አልፎ ከይፋግ ትደውልልኛለች። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«እንግዳው ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ ውኃ መካከል ተቀምጧል» እላታለሁ።

አሁን ማንን እንደሚጠብቅ ተጠያይቀን አናውቅም። ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳየው ውኃው አርጅቶ ነበር። ደፋሁና አዲስ ሞላሁበት።