ለማንም ግልጽ ነው የተባለው የኢድሪስ ፈጠራ

«ቲቸር፣ እርስዎ አያባብሉም። ሰዎቹ ትክክል ናቸው?»

ዛሬ አሶሳ ቤቴ መጥቶ የጠየቀኝ የቀድሞ ተማሪዬ ኢድሪስ ነው። ኔትወርክ ከሌለበት መንደር የተጻፈ መልእክት በመንገደኛ ስልክ ተጉዞ፣ ኔትወርክ ሲገኝ በራሱ እንዲላክ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠርቶ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበር።

«መልእክት በመንገደኛ መላክ የቆየ ልማድ ነው፤ በኮምፒውተር ማድረጉ ለማንኛውም ባለሙያ ግልጽ ነው» ብለው የፈጠራ መብት ሰጪው መሥሪያ ቤት መርማሪዎች በደብዳቤ ከለከሉት።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ የፊደል ግድፈት እንኳ ባገኝ ደስ ባለኝ።

«ትክክል ናቸው፤ እኔም በጭነት መኪና ሾፌር ደብዳቤ እልክ ነበር» አልኩት።

«ባለቤቴ በምጥ ስትሞት አምቡላንስ የጠራሁበት መልእክት ኔትወርክ አጥቶ ስልኬ ላይ ቀርቶ ነበር። ያኔ ለማን ነበር ግልጽ?» አለኝ።

ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት።

ከተሠራ በኋላ ቀላል የመሰላችሁ፣ ቀድሞ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ካወቃችሁ ጻፉልኝ። ለኢድሪስ አነብለታለሁ።