ላፕቶፑ ያኮረፈው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀጠሮ አክባሪው» የሚለው ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጠዋት የደንበኞቹን ትዕዛዝ ሊያይ ላፕቶፑን ቢከፍት ኢንተርኔት የለም። ራውተሩን ነቅሎ ሰካ፤ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፤ ወይ ፍንክች! ቢቸግረው ኮምፒውተር ጠጋኝ እህቱ ጋ ደወለ።

«የሚስትህ ስልክ ዋይፋዩን ይይዛል?» አለችው።

«እንዴታ! ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ቪዲዮ እያየች ትስቃለች።»

«እንግዲያው ራውተሩ ጤነኛ ነው። የይለፍ ቃሉን የቀየረ ሰው ይኖራል፤ ላፕቶፕህ ግን የድሮውን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። ኔትወርኩን አስረሳውና አዲሱን አስገባ።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«አንቺ ነሽ የቀየርሽው?»

«አዎ። ቀሚሴ የት አለ?»

«ቀሚስሽን እኔ ምን አውቄ! የይለፍ ቃሉን ንገሪኝ እንጂ።»

«ነገርኩህ እኮ! ‹ቀሚሴ የት አለ› ነው፤ ሳታራርቅ ጻፈው።»

ይሄኔ ትዝ አለው። አምና የሰጠችውን ጨርቅ፣ ስንቱን ሲያለብስ መቀስ እንኳ ሳያስነካው ከርሟል። እህቱ በስልክ ሳቋን ለቀቀችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፊደል በፊደል ጻፈ። ላፕቶፑ እሺ አለ፤ ትዕዛዞቹም ተግተልትለው ገቡ። አንዱንም ሳይከፍት ላፕቶፑን ከደነና ተነሳ።

«ነይ፣ ልለካሽ» አላት።

«ሜትሩን ረዘም አድርገህ ያዝ» አለችው፤ «ስጠብቅህ ወፍሬያለሁ።»