ለካክተስ ጉርድ ፎቶ

ትናንት ጠዋት የገዛ አባቴን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት...

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ካክተስ ሆኗል። በቀለም ቆርቆሮና በወተት ጣሳ የተተከሉ ካክተሶች ከበራችን እስከ በረንዳው ጥግ ተደርድረዋል። ጥጉ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን የተከለቻት ነፍሷን ይማርና እናቴ ናት። አባቴ በሷ አይደራደርም።

እኔ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። አባቴ ግን ሥራ ነው ብሎ አያምንም። «ሙያ ማለት የእጅ ሥራ ነው። ያንቺ ጠቅ ማድረግ ምኑ ሙያ ነው?» ይለኛል። ስቄ አልፋለሁ... ግን ያመኛል።

ከክረምቱ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ካክተስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። እየሰፋ ሄዶ መሃሉ በሰበሰ። ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ያለው ካክተስ ላይም ታየ። ችግኝ የሚሸጥ ሰው ጠየቅኩ፤ «ፈንገስ ነው» አለኝ። አባቴ የወርቅ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላብጦ አየና «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ዘጋው።

በሽታው የእናቴ ካክተስ ጋ ሳይደርስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁሉንም ጉርድ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ከኋላ ነጭ ወረቀት፣ ከጎን የአንድ ብር ሳንቲም፣ ርቀቱ ሁሌም እኩል። ነጠብጣቡ ምን ያህል እንደሰፋ ከሳንቲሟ ጋር ሳስተያይ ይታየኛል።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ፓስፖርት ልታወጪላቸው ነው?» ይላል።

ቅዳሜ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደርድሬ ሳያቸው ደነገጥኩ። በሽታው ወረፋ ጠብቆ ነው የሚሄደው! ከበሩ ተነስቶ ወደ ጥጉ። አዲስ ነጠብጣብ የሚወጣው ደግሞ ሁሌ እሁድ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ እሁድ እሁድ ሰርግ ስለማነሳ ቤት አልገኝም...

ትናንት እሁድ የሰርጉን ሥራ ለጓደኛዬ ሰጥቼ ቀረሁ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሳይ፣ አባቴ ወርቅ ያጥብበት የነበረውን ብሩሽና ውሃ በጣሳ ይዞ ወጣ። ወገቡን ስለሚያመው ለካ በየእሁዱ ጥቂት ጥቂቱን እያጠበ፣ ሳምንት ካቆመበት ይቀጥላል። ወርቅ ቤት ሳለ ሳያጥብና ሳይወለውል ዕቃ አስረክቦ አያውቅም... ያው ልማድ ነው። የታመመውንም ጤነኛውንም በዚያው ብሩሽ!

ትናንት ተራው የእናቴ ካክተስ ነበር። ብሩሹን ነክሮ ሲያነሳ ሮጬ እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ እሷን እንዳትነካ!»

ስልኬን ሰጠሁት። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«እኔ ነኝ?»

«ብሩሹ ነው አባዬ።»

«ብሩሹን የያዘው ማን ሆነና?» አለ። «እናትሽ እኮ አቧራ አትወድም ነበር...»

የውሃውን ጣሳ ከእጁ ተቀበልኩት።

ተነስቶ ብሩሹን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ማጉያውን፣ ልጅ ሆኜ ስነካው እንኳ የሚቆጣኝን ማጉያ፣ ራሱ በእጁ ስልኬ ካሜራ ላይ አስደግፎ ያዘልኝ። «በዚህ አንሺያት፤ አጥርቶ ያሳይሻል» አለኝ።

አነሳኋት። አንድም ነጠብጣብ የለባትም። የታመሙትን ለይተን ወደ ጓሮ ወሰድናቸው።

ከሰዓት ማኪያቶ ልጋብዝሽ ብሎ ወርቅ ሠሪ ጓደኞቹ ጋ ይዞኝ ሄደ። ገና ሳንቀመጥ ስልኬን ተቀብሎ በየተራ አዞረላቸው።

«ካክተሶቹን ሁሉ በሽታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ! የደረሰችብኝ ደግሞ ልጄ ናት። እዩት እንጂ... ይሄ የእጅ ሥራ ነው!»

ሰው ጥፋቱን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ሲያወራ አይቼ አላውቅም።