ያልተጸጸተበት ወተት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህላል? የኋላሸት በጥር 2016 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሲቀበር የተነበበለት የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ አልሞላም። የዕድሩ ጸሐፊ ንፋሱ እንዳይቀማው ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨብጦ አራት ደቂቃ ሳይሞላ አነበበና አጠፈው። ከወታደር አባቱና ከእናቱ በዚሁ ከተማ በ1955 መወለዱ፣ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ማገልገሉ፣ ሁለት ልጆች ማሳደጉ፣ ሰው አክባሪና ጾም ጸሎት ወዳድ መሆኑ ተነገረ። ሐሰት የለበትም። ግን ስሙን ብቻ ለውጦ ያንኑ ወረቀት ለሌላ መቶ ሰው ማንበብ ይቻል ነበር። ሰውየውን ከሌላው ሰው የለየው ነገር አንዲት ጣሳ ወተት ናት፤ እሷን ማንም አላነበባትም።

የኋላሸት ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት በረንዳው ላይ ጫማውን ያወልቅና ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል። ጸሎቱ አጭር ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ቢያስጮህ አያቋርጥም፤ ሥራ የሌለው ቀን ሲሆንም አያስረዝምም። «ያው ልመናዬን ያውቀዋል፤ የምቆመው ልታይ ነው» ይል ነበር። ከዚያ መርፌና መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ጭኖ ወደ መስክ ይወጣል። ከባቢሌ እስከ ደወሌ በጎቹንና ፍየሎቹን ያልከተበበት መንደር የለም ማለት ይቻላል። ሶማሊኛን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ አማርኛው ነው የሚናገረው። ግመል ያክማል፣ የግመል ሥጋ ግን አይበላም፤ ወተቷንም አይቀምስም። አገሬው ክርስቲያን ሁሉ እንዲሁ ስለሆነ አርብቶ አደሮቹ ይህን ያውቁለታል፤ ቤታቸው ሲገባ ሻይ ያለ ወተት ነው የሚቀርብለት።

አብሮት ብዙ ዘመን የሠራው ሹፌሩ ማሃድ ብቻ አይለቀውም ነበር። «ዶክተር፣ ሠላሳ ዓመት ጡቷን እየዳበስክ ወተቷን አልቀመስክም። የባንክ ዘበኛ ማለት አንተ ነህ» ይለዋል።

«ዘበኛው ቢቀምስ ይታሰራል።»

«አንተንስ ማን ያስርሃል?»

«መምሬ ገብረየስ» ይላል የኋላሸት። ማሃድም ይስቃል። መምሬ ገብረየስ የባልደረባው የንስሐ አባት መሆናቸውን፣ ቁጣቸውም እስከ በር እንኳ እንደማይደርስ ያውቃል።

ሚስቱ ተናኘ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ሲጋቡ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው፣ ድግስ ደግሰው ነው እንጂ በቁርባን አልነበረም። ቁርባን ለእነሱ፣ ለብዙው ሰው እንደሆነው ሁሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚደረስበት ነገር ነበር። በ2010 ክረምት ከተማዋ ስትታወክና ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ግን ሦስት ቀን ከቤታቸው ሸሽተው ቆዩ። ሲመለሱ ተናኘ የተሰበረውን መስኮት እንኳ ሳታይ፣ ከደጅ ቆማ «ሳንቆርብ ልንሞት ነበር እኮ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልመና አልነበራትም። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸውና አንዱን ትቶ ሌላው አይቆርብም። እሱ እሺ ይላል፤ እሺ ብሎ የመስክ ሥራውን ያሳብባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አስጠበቃት። በመጨረሻ፣ ጡረታው ሲቃረብ፣ ቀን ተቆረጠ። የ2014ን ዐቢይ ጾም ጾመው፣ ንስሐ ገብተው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሊቆርቡ ተስማሙ። ተናኘ ነጭ ልብስ አሰፋች።

የዚያ ዓመት ድርቅ የከፋ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የኋላሸትን ከደወሌ ወጣ ብለው ያሉትን መንደሮች አይቶ እንዲመጣ ላከው፤ ምን ያህል እንስሳ እንዳለቀና የተረፈው ምን እንደሚያስፈልገው እንዲያጣራ ነው። ደወሌ አደሩ። ጠዋት እንደ ልማዱ ጸልዮ ከማሃድ ጋር ወጣ። ከቀትር በኋላ የመኪናዋ የራዲያተር ቱቦ ፈነዳ። ማሃድ ቱቦውን በላስቲክ ጠፍሮ አሰረና የያዙትን ውሃ ሁሉ ለመኪናዋ አጠጣት። እሷም ጥቂት ከሄደች በኋላ መልሳ ተፋችው። ስልክ አይሠራም። በእግራቸው ተነሡ።

«የእኛ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል» አለ ማሃድ ከንፈሩ ደርቆ። «አንተ ግን ለምደኸዋል። ምን ትሆናለህ?»

«የእኛ ጾም ውሃ ያስጠጣል።»

«እንግዲያው ውሃው ያለበትን ንገረኝ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሰሌን የተሸፈነች አንዲት ጎጆ ጋ ደረሱ። ዴቃ የሚሏት አሮጊት ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ትኖርባታለች። ከግመሎቿ የተረፈችው አንድ ናት፤ እሷም በሩ ላይ ተንበርክካለች። የኋላሸት ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ግመሏ ላይ ነበር። ሻኛዋ ወደ ጎን ወድቋል፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። እንዲህ የሆነች ግመል በቀን ምን ያህል ወተት እንደምትሰጥ አይቶ መናገር ሥራው ነው። አሮጊቷ ከጎጆዋ አንዲት ጣሳ ሞልታ ስትወጣ፣ ምን ይዛ እንደመጣች በትክክል ያወቀው ለዚህ ነው። የቤቱ ራት ናት፤ ሌላ የለም።

«ወላል፣ ጠጣ» አለችው። ወንድሜ ማለቷ ነው።

«ኤዶ፣ ክርስቲያን ነኝ» አላት፣ አክስቴ ብሎ አክብሮ። «ጾም ላይ ነኝ። የግመል ደግሞ እኛ አንጠጣም።»

«ክርስቲያን መሆንህን ስትመጣ አየሁ። መጠማትህንም አየሁ። የትኛውን ላስቀድም?»

«ውሃ ካለ ይበቃኛል።»

«የውሃው ቦቴ ከመጣ ስድስት ቀኑ። እኛም የምንጠጣው እሷን ነው» አለችና በአገጯ ግመሏን አሳየችው።

ማሃድ በአማርኛ ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ እዚህ ብትወድቅ የምሸከምህ እኔ ነኝ። ለወገቤ ስትል ጠጣ።»

ጠጣ። ወተቱ ለብ ያለ ነበር፤ ከዕቃው የተነሣ ጭስ ጭስ፣ ትንሽም ጨው ጨው ይላል። ግማሹን አስቀርቶ ለማሃድ ሰጠው። ሲጨርሱ አሮጊቷ ጣሳውን ገልብጣ አየችና «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ የጠጣችው እሷ ይመስል። በማግስቱ ከዚያ ያለፈ የጭነት መኪና ወደ ደወሌ መለሳቸው።

ጅጅጋ ሲመለስ ነገሩ የጀመረው በረንዳው ላይ ነው። አባታችን ሆይ ብሎ ይነሣና የዕለት እንጀራ ከሚለው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን ሁሉ ዓመት ሲለው የኖረው ቃል ነው፤ አሁን ግን አላሻግረው አለ። ያን ዕለት ጠዋት ደወሌ ላይ የዕለቱን ለምኖ ነበር፤ ማታ ተሰጠው። እንጀራ ሆኖ አልመጣም፣ በክርስቲያን እጅም አልመጣም፣ ግን ለምኖት ተሰጠው። በጸሎቱ ውስጥ ደግሞ ከእንጀራው ቀጥሎ የሚመጣው ይቅር በለን የሚለው ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል የአንድ ትንፋሽ ያህል ቦታ አለ፤ የኋላሸት እዚያች ላይ ተቀረቀረ። የተሰጠኝን በምን አፌ ይቅር በለኝ እላለሁ?

ለንስሐ መምሬ ገብረየስ ዘንድ የሄደው ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የዕድሜውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ቁጣውን፣ ወረፋ መዝለሉን፣ ሳይሄድ ሄድኩ ብሎ የጻፋቸውን የመስክ ሪፖርቶች። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ሌላስ?»

«በዚህ ጾም የግመል ወተት ጠጥቻለሁ።»

መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ። ታሪኩን ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «በረሃ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰባት ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት ስገድ። ከዚያ ትመጣለህ፣ እፈታሃለሁ። ለመሆኑ ተጸጽተሃል?» አሉት።

«በሌላው ሁሉ ተጸጽቻለሁ። ስግደቱንም እሰግዳለሁ። በወተቱ ግን ጸጸት የለኝም አባቴ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዛሬም ብትሰጠኝ እጠጣለሁ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነገርከኝ?»

«ኃጢአት ነው ስለሚባል ነገርኩዎት። ልቤ ኃጢአት ነው ስላላለኝ ደግሞ ይህንንም ነገርኩዎት።»

«ሴትዮዋን አመስግናት። እግዜርን ይቅርታ ጠይቅ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው እኮ፣ የኋላሸት።»

«ለእኔ አንድ ሆኖ መጣብኝ። ራቷን ነው የሰጠችኝ። ግመሏን በዓይኔ አይቻለሁ። ተጸጸትኩ ካልኩ ራቷን መልሼ አፈር ላይ ደፋሁት ማለት ነው።»

«ያለ ጸጸት ብፈታህ እኮ መስቀሌን ግድግዳ ላይ እንዳሳረፍኩ ነው።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

ስግደቱን ጉልበቱ እስኪያብጥ ሰገደ። ቃሉን ግን አላለም፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ተናኘ የተሰፋውን ነጭ ልብስ ሳጥን ውስጥ መልሳ ከተተችው፤ አልጮኸችም። ከሳምንት በኋላ ምሳ ላይ ነው የተናገረችው።

«በሕይወትህ ዋሽተህ የማታውቅ ይመስል። ያልሄድክበትን መንደር ሄድኩ ብለህ ስትጽፍ ነበር እኮ።»

«እሱማ ለመሥሪያ ቤት ነው። ይህ ንስሐ ነው።»

«አንዲት ቃል ናት።»

«ዋሽቼ ብቆርብ ምን ቆረብኩ ይባላል?»

«እኔ አልዋሸሁም እኮ» አለች ተናኘ። «እኔ ወተት አልጠጣሁም። ያችን ሴት፣ አንተን ስላተረፈችልኝ፣ ቀን በቀን በጸሎቴ ነው የማነሣት። የምቆርበው ግን ከእሷ ጋር አይደለም፣ ከአንተ ጋር ነው።»

ይህ ነው የከበደው፤ ለራሱ እውነት ብሎ የያዘው ነገር የሚያስከፍለው እሱን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በዚያ ክረምት ራሱን ደጋግሞ መረመረ። ትዕቢት ይሆን? ብሎ ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውንም ለመምሬ ይዞ ሄደ። «ትዕቢት ከሆነ በትዕቢቱ ተጸጽቻለሁ» አላቸው። መምሬ መሳቅ አልፈለጉም፣ ግን ሳቁ። ስለ እሱ የሰሙ ሰዎች ግትር አሉት። የሰው ልብ ግን እንደ በር በትእዛዝ የሚከፈት አይደለም። ደግ ሥራ ከትእዛዝ ጋር የተጋጨበት ሰው ሁለቱንም ማክበር ሲያቅተው፣ ከሁለት አንዱን እያፈረሰ ነው የሚኖረው። የኋላሸት ሁለቱንም ሳያፈርስ መቆም ፈለገ፤ እንዲህ መቆም ደግሞ ያደክማል።

በጥቅምት 2015 ተናኘ የደም ግፊቷ ተነሥቶ ሆስፒታል ገባች። ወጥታ አልጋ ላይ ሳለች መምሬ ገብረየስ ሊጠይቋት መጡ። ጸበል ረጩላት፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ የኋላሸትን ወደ በረንዳ ጠሩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። በማወቅም ባለማወቅም በበደልኩት ሁሉ ተጸጽቻለሁ ማለት ትችላለህ?»

አሰበ። «እችላለሁ። እውነት ነው።»

«ወተቱን ስም አትጥራው። በደል ከሆነ ውስጡ አለ። በደል ካልሆነም የለበትም። ለይቶ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔና አንተ አይደለንም።»

የኋላሸት ወደ ውስጥ ተመለከተ። ተናኘ በተከፈተው በር በኩል ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ እንዳልሰማች ሆና እየሰማች ነበር። «እላለሁ» አለ። እዚያው ተንበርክኮ ቃሉን አለ።

መምሬ መስቀሉን አንሥተው ራሱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ግን እጃቸውን ያዘ። ከዚያ በፊት የካህን እጅ ይዞ አያውቅም።

«አባቴ፣ ሲፈቱኝ ሁሉንም ይፍቱልኝ። ያችን ጣሳ ግን ይተዉልኝ። እንደታሰረች ትቅር።»

«ምን?»

«በደል ካልሆነች መፈታት አያስፈልጋት። በደል ከሆነችም ይዣት ልሂድ፤ እዚያ ሲጠይቀኝ ከማን እንደተቀበልኳት ልንገረው።»

«የኋላሸት፣ ፍታት እኮ እንደ ጨርቅ እየተቀደደ አይሰጥም» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና መስቀሉን ሙሉውን አሳረፉበት። ተናኘ ከአልጋዋ ላይ አሜን አለች።

በኅዳር ቆረቡ። ተናኘ ነጩን ልብስ ለብሳ፣ በእጁ ተደግፋ ገባች። ሲወጡ ፊቷ ላይ የነበረውን ያየ ሁሉ፣ የኋላሸት ያን ቃል በማለቱ ደግ አደረገ ይላል። እሱም እንዲያ ይል ነበር።

ልመናውን ግን አልተወም። ከሐረር ለክብረ በዓል የመጡ አንድ መነኩሴ አግኝቶ ያችን ጣሳ መልሰው እንዲያስሩለት ጠየቃቸው፤ አባት የፈቱትን ልጅ አያስርም ብለው መለሱት። የደብሩን አስተዳዳሪ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም አሉት። ማሃድን ሳይቀር አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ጠየቀው፤ ማሃድ «ዶክተር፣ እኔ በምን ሥልጣኔ?» አለው። ጉበቱ ታሞ በተኛበት በመጨረሻው ወር ተናኘን ጠራና ለፍትሐቱ ቀን ለመምሬ እንድትነግርለት ለመናት፦ ሌላው ሁሉ ይፈታ፤ አንዲቷ ጣሳ ብቻ ከእኔ ጋር ታስራ ትሂድ። ተናኘ እጁን ይዛ አለቀሰች፤ እሺ ግን አላለችም።